ቤታችንን በገዛ እጃችን
ከወረቀትና ከዶቃ የሚሠሩ የቤት ጌጦች



የረመዷን ጨረቃ ልትታይ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ ይጀመራል። ግድግዳ ይወለወላል፣ መጋረጃ ወርዶ ይታጠባል፣ ምንጣፍ ወደ ደጅ ወጥቶ ይራገፋል። ዒድ ሲቃረብ ደግሞ ጥድፊያው ይብሳል። ከዚሁ ጋር «ቤቱን በምን እናሳምረው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከገበያ ነው። የፕላስቲክ አበባ፣ የሚያብረቀርቅ ሰንሰለት፣ በመብራት የሚሠራ ኮከብ ይገዛል። በዓሉ ካለፈ በኋላ አበባው አቧራ ይለብሳል፣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ይገዛል።

የዚህ ልማድ ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛው በእናትና አባት ላይ የሚወድቀው ሸክም ነው። ልጆች የጎረቤትን ሳሎን አይተው ሲመጡ «የእኛስ?» ይላሉ። ገቢው አነስተኛ የሆነ አባት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲያጣ አንገቱን ይደፋል፤ አለዚያም ለዒድ ልብስና ለዘካተል ፊጥር ካሰበው ገንዘብ ላይ ያነሣል። ሁለተኛው ጉዳት ብዙም አይታይም። በተገዛ ጌጥ ውስጥ ልጆች ድርሻ የላቸውም። ሲሰቀል ያያሉ፣ ሲወርድ ያያሉ፤ ያበቃል።

ቤት ለማሳመር ከገንዘብ ይልቅ እጅና ጊዜ ይበቃሉ። በዚህ ጽሑፍ በየቤቱ ከሚጣል ወረቀትና ከጥቂት ዶቃ የሚሠሩ አምስት ነገሮችን እናያለን፦ የወረቀት ዶቃ፣ የመስኮት መጋረጃ፣ ፋኖስ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብና የሠላሳ ቀን ኪሶች። ከዚያ በፊት ግን መታወቅ ያለባቸውን ጥቂት ነጥቦች እናስቀድም።

ጌጥ ከየት እስከ የት?

በኢስላም ጌጥ የተጠላ ነገር አይደለም። በሱረቱል አዕራፍ 31ኛውና 32ኛው አንቀጾች ስለ ጌጥ ይናገራሉ። ጌጥን መያዝ በታዘዘበት በዚያው ስፍራ ማባከን ተከልክሏል፤ ቀጥሎም አላህ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥ እርም ያደረገ ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። እንግዲህ ፈቃዱና ወሰኑ ጎን ለጎን ቀርበዋል ማለት ነው። በሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥም አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን መውደዱ ኩራት ይሆንበት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መጠየቁ ተዘግቧል። የተሰጠው መልስ ውበትን መውደድ አንድ ነገር፣ ሰውን መናቅና እውነትን መግፋት ሌላ ነገር መሆኑን ያስረዳል።

ሌላም ትምህርት አለ። ቡኻሪ እንደዘገቡት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የቤታቸውን አንድ ወገን የሸፈኑበት ባለ ሥዕል መጋረጃ ነበራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ላይ ሥዕሎቹ እየታዩአቸው ስላስቸገሩአቸው እንዲያነሡላቸው ጠየቁ። በሌላ ዘገባ ደግሞ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ተቀዶ ትራስ እንደተሠራበት ተነግሯል። ከዚህ ለሥራችን ሦስት ነገር እንወስዳለን። ጌጣችን የሰውና የእንስሳ ምስል አይኑርበት። በምንሰግድበት አቅጣጫ ዓይን የሚስብ ነገር አንስቀል። አንድ ዕቃ በነበረበት ሁኔታ ካልሆነ ደግሞ ከመጣል ይልቅ ለሌላ አገልግሎት እናውለው። ይህ የመጨረሻው የዛሬው ሥራችን መሠረት ነው።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ለረመዷንና ለዒድ ቤትን ማስጌጥ ልማድ እንጂ ዒባዳ አይደለም። ያላስጌጠ ሰው የጎደለው ነገር የለም።

ከሐረር ቤቶች የምንማረው

ቤትን በእጅ ሥራ ማስዋብ ለአገራችን ሙስሊሞች አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን የሐረር ጁገልን ነባር ቤቶች ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ወደ ሐረሪ ቤት ሲገባ «ነደባ» የሚባሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መቀመጫዎች ይታያሉ። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ የዕቃ ማስቀመጫዎች አሉ። ከነደባዎቹ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ በቀለም የደመቁ ስፌቶች በሥርዓት ተደርድረው ይሰቀላሉ። ስፌቶቹን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል።

ልብ ብላችሁ ብታዩት በስፌቶቹ ላይ ያለው ጌጥ መስመር፣ ሦስት ማዕዘን፣ ኮከብና እየተደጋገመ የሚዞር ቅርጽ ነው። ሣርና ቀለም ብቻ ይዘው የተነሡ እጆች ለዓመታት የማይጠገብ ግድግዳ ሠርተዋል። እንግዳ ወደ ቤቱ ሲገባም ስፌቱ ስንት እንደተገዛ አይጠይቅም፤ የማን እጅ እንደሠራው ይጠይቃል። እኛም በወረቀትና በዶቃ ልንደርስበት የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

የትኛውን ወረቀት እንቁረጥ?

ወረቀት በሙስሊሞች ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። አሠራሩ ከቻይና ወደ ሰመርቀንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ751 ከተካሄደው የጠላስ ጦርነት በኋላ፣ በምርኮኞች አማካይነት እንደሆነ በብዙ መጻሕፍት ይተረካል። ከዚያም በዚያው በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ባግዳድ ተሻገረ፤ እያደርም እስከ ሞሮኮና አንዳሉስ ደረሰ። የቱርክ ባለሙያዎች ደግሞ ቀለምን በውኃ ላይ ነስንሰው በወረቀት የሚያነሡበትን «ኤብሩ» የተባለ ጥበብ አዳብረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ለእኛ ሥራ የሚሆነው ወረቀት ከየቤቱ አይጠፋም። ዓመቱ ያለፈ የግድግዳ ካላንደር፣ የስጦታ መጠቅለያ፣ የማስታወቂያ ወረቀት፣ የተጻፈበት የተማሪ ደብተር፣ የብስኩትና የሻይ ቅጠል ካርቶን ሁሉ ይጠቅማል። የሚያብረቀርቅ የካላንደር ወረቀት ለዶቃ ተመራጭ ነው። የደብተር ወረቀት ሳስቶ ስለሚጠቀለል ለትንንሽ ዶቃ ይሆናል። ካርቶን ለኮከብና ለማንጠልጠያ ይውላል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ግን አለ። የቁርኣን አንቀጽ፣ ሐዲስ ወይም የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መቀስ አይነካውም። በዚህ በኩል የሚሳሳቱት በተለይ ልጆች ናቸው፤ ያገኙትን ባለ ቀለም ወረቀት አንሥተው ይቆርጣሉ። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ አዋቂ ወረቀቱን አንድ በአንድ ይመልከት። ኢስላማዊ መጽሔቶች፣ የሠርግ መጥሪያዎችና የመስጂድ ካላንደሮች ብዙውን ጊዜ አንቀጽ አይጠፋባቸውም። አሁን የምታነቡትን ይህን መጽሔትም ጭምር ለዶቃ አታድርጉት! እንዲህ ያለው ወረቀት ካረጀ በንጹሕ ስፍራ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) ሙስሐፉን በአንድ ካሰባሰቡ በኋላ ሌሎቹን ጽሑፎች ማቃጠላቸው በታሪክ የታወቀ ነው።

ሙጫ ከኩሽና

ነጭ የእንጨት ኮላ ካላችሁ መልካም። ከሌላችሁ የስንዴ ዱቄት ይበቃል። አንድ ሲኒ ዱቄት በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውኃ እብጠት እስኪጠፋ ድረስ በጥብጡ። ከዚያ አራት ሲኒ የፈላ ውኃ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ አማስሉ። በለሰለሰ እሳት ላይ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉትና ወፈር ብሎ ሲያብረቀርቅ አውርዱት። ሲቀዘቅዝ በወንፊት አጥልሉት። በቀዝቃዛ ስፍራ ተከድኖ ለሁለትና ሦስት ቀን ያገለግላል፤ ሽታው ከተለወጠ ይደፋ። በዚህ ሙጫ የተሠራ ጌጥ በደንብ ካልደረቀ በረሮና አይጥ ስለሚስብ፣ ከመሰቀሉ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አየር ያግኘው።

የወረቀት ዶቃ አሠራር

የሚያስፈልገው፦ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ መቀስ፣ ሙጫ፣ ትንሽ ብሩሽና ስቴኪኒ ነው። ስቴኪኒ ከሌለ ከስፌት የተረፈ ጠንካራ ስንደዶ ወይም ቀጥ ያለ የመጥረጊያ ጭራሮ ይተካዋል።

1. ተራውን የጽሕፈት ወረቀት የሚያህል፣ ማለት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 21 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት በጀርባው በኩል ዘርጉ።

2. በአንደኛው አጭር ጎን ላይ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። በተቃራኒው ጎን ላይ ግን የመጀመሪያውን ምልክት በ1 ሳንቲ ሜትር ጀምሩና ከዚያ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ቀጥሉ። ምልክቶቹን እያፈራረቃችሁ በመስመር ስታገናኙ ረዣዥም ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ። ከአንድ ወረቀት ወደ 19 የሚሆኑ ይገኛሉ። ጠርዝና ጠርዝ ላይ የሚተርፉትን ለሌላ ሥራ አቆዩአቸው።

3. ሦስት ማዕዘኑን ከሰፊው ጫፍ ጀምራችሁ በስቴኪኒው ላይ ጠቅልሉ። ባለ ቀለሙ ፊት ወደ ውጭ ይሁን። የመጀመሪያው ዙር ላይ ሙጫ አይነካው፤ ከነካው ዶቃው ከስቴኪኒው አይወጣም። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ስስ ሙጫ እየቀባችሁ አጥብቁ።

4. ሹሉ ጫፍ ሁልጊዜ መሐል ለመሐል መሄድ አለበት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ዶቃው ይጣመማል። መጨረሻውን በጣት ለጥቂት ሰከንድ ያዙት።

5. ዶቃውን አውጥታችሁ አድርቁ። ሲደርቅ አንድ እጅ ነጭ ኮላ በአንድ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ በመሐል ይድረቅ። ለመቀባት ዶቃውን መልሳችሁ በስቴኪኒ ላይ ሰኩና ስቴኪኒውን ለሁለት በተቆረጠ ድንች ላይ አቁሙት። እንዲህ ሲሆን ዶቃ ከዶቃ አይጣበቅም። ቨርኒሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ከቤት ውጭ፣ አየር ባለበት ይሁን።

የዶቃው ርዝመት ከሰፊው ጫፍ ስፋት ጋር እኩል ነው። ውፍረቱ የሚወሰነው በወረቀቱ ርዝመት ነው። ስለዚህ ቀጭን ዶቃ የፈለገ ሦስት ማዕዘኑን ያሳጥር፤ ወፍራም የፈለገ ሁለት ወረቀት ይቀጥል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዶቃዎች ቢጣመሙ አትደነቁ፤ ከዚያ በኋላ እጅ ይለምዳል።

የመስኮት መጋረጃ

አንድ ሜትር ስፋት ላለው መስኮት 60 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ መጋረጃ እንሥራ። አንድ የወረቀት ዶቃ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ የወረቀት ዶቃ መካከል ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዶቃዎች እናስገባለን። ይህ ሲደመር 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ክር ላይ 20 ጊዜ ይደጋገማል። 15 ክሮች ከሰቀልን 300 የወረቀት ዶቃና 600 ትንንሽ ዶቃ ያስፈልገናል። ለ300ው የወረቀት ዶቃ 16 ወረቀት ይበቃል።

ሦስት መቶ የሚለው ቁጥር አያስፈራችሁ። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን አሥር አሥር ቢጠቀልል በስድስት ቀን ያልቃል። ትንንሾቹ ዶቃዎች ከድሮ የአንገት ጌጥ፣ ከተበጠሰ አምባር ወይም ከአሮጌ ቀሚስ ጥልፍ ሊለቀሙ ይችላሉ። የጎደለው ብቻ ይገዛል።

ክሩ ጠንካራ ናይለን ቢሆን ይመረጣል፤ የጥጥ ክር ዕለት ዕለት ሲነካካ ይበጠሳል። ከታች የመጨረሻውን ዶቃ ካስገባችሁ በኋላ ክሩን ዙራችሁ በዚያው ዶቃ ውስጥ ድጋሚ አሳልፉትና ቋጥሩት። ከላይ ክሮቹን በቀጭን ዘንግ ላይ በየ7 ሳንቲ ሜትሩ እሰሩአቸው። ቀለሞቹንም አስቀድማችሁ በምንጣፍ ላይ ደርድሩና እዩ። ሁለት ወይም ሦስት ቀለም በሥርዓት ሲደጋገም ከአሥር ቀለም ድብልቅ ይልቅ ያምራል።

የወረቀት ፋኖስ

የረመዷን ፋኖስ በይበልጥ የሚታወቀው በግብፅ ነው። የፋጢሚዩ ኸሊፋ አል ሙዒዝ እ.ኤ.አ. በ973 በረመዷን ወር ካይሮ ሲገባ ሕዝቡ ፋኖስ ይዞ ተቀበለው፤ ልማዱም ከዚያ ቀረ እየተባለ ይተረካል። የካይሮው ፋኖስ ከቆርቆሮና ከባለ ቀለም መስታወት ይሠራል። የእኛው ከወረቀት ነው።

ወፈር ያለ የጽሕፈት ወረቀት በርዝመቱ ለሁለት እጠፉ። ከታጠፈው ጠርዝ ጀምራችሁ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ቁረጡ፤ ነገር ግን ከላይኛው ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ሲቀራችሁ አቁሙ። ወረቀቱን ዘርጉት። ከዚያ ሌላ፣ በደማቅ ቀለም የሆነ ወረቀት 18 ሳንቲ ሜትር ቁመት እንዲኖረው ቆርጣችሁ እንደ ቱቦ ጠቅልሉና ለጥፉት። የተቆራረጠውን ወረቀት በቱቦው ዙሪያ አልብሱት። የውጪው ቁመት 21 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የላይና የታች ጠርዙን ከቱቦው ጠርዝ ጋር አጣብቃችሁ ስትለጥፉት መሐሉ ወደ ውጭ ይነፋል፤ የውስጡም ቀለም በየስንጥቁ ብቅ ይላል። ከላይ የወረቀት ማንጠልጠያ፣ ከታች ደግሞ ሦስት ወይም አምስት የዶቃ ክር አንጠልጥሉበት።

በዚህ ፋኖስ ውስጥ ሻማም ሆነ የኤሌክትሪክ አምፑል አይገባም። ወረቀት ነው፤ ይነድዳል። ከምድጃ፣ ከከሰል ማንደጃና ከአምፑል አርቃችሁ ስቀሉት።

ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ

ሙስሐፍ የከፈተ ሁሉ ይህን ኮከብ ያውቀዋል። ቁርኣን በ60 ሒዝብ፣ እያንዳንዱም ሒዝብ በአራት ሩብ ሲከፈል 240 ሩቦች ይገኛሉ። በብዙ ሙስሐፎች የሩቡን መጀመሪያ የሚያመለክተው ምልክት ሁለት አራት ማዕዘኖች ተነባብረው የሚፈጥሩት ይህ ቅርጽ ነው። በመስጂድ ግድግዳዎች፣ በሚንበርና በጣሪያ ጌጦች ላይም ከሞሮኮ እስከ መካከለኛው እስያ ይገኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከካርቶን ጎናቸው እኩል 12 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች ቁረጡ፤ በሁለት ቀለም ወረቀት ሸፍኑአቸው። በታችኛው ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መስመር በስሱ አስምሩ፤ የሚገናኙበት ቦታ መሐሉ ነው። የእያንዳንዱንም ጎን እኩሌታ፣ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ምልክት አድርጉ። የላይኛውን መሐል ለመሐል አድርጋችሁ ማዕዘኖቹ በእነዚህ ምልክቶች በኩል እንዲወጡ አዙሩትና ለጥፉት። ኮከቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በየጫፉ በመርፌ ቀድታችሁ አንድ አንድ ዶቃ ስፉበት።

ትንንሽ ልጆች ደግሞ በመቀስ ብቻ ሌላ ነገር መሥራት ይችላሉ። ጎኑ እኩል የሆነ ስስ ወረቀት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሦስት ጊዜ በተከታታይ እኩል ለእኩል ይታጠፍ። በየጠርዙ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን፣ ግማሽ ጨረቃና ቅጠል ይቆረጥ። ሲዘረጋ የተቆረጠው ሁሉ ስምንት ጊዜ ተደግሞ ይገኛል። ልጆች ይህን ሲያዩ የሚያሳዩት ደስታ ራሱ የዒድ ያህል ነው።

የሠላሳ ቀን ኪሶች

ከሁሉም ሥራዎች ረጅም ጥቅም ያለው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስምንት የጽሕፈት ወረቀት እያንዳንዱን ለአራት ቁረጡ፤ 32 ቁራጭ ይወጣል። ሠላሳውን ለሁለት እያጠፋችሁ ሁለት ጎናቸውን ለጥፉ፤ አንድ ጎን ክፍት የሆነ ኪስ ይሆናል። ከ1 እስከ 30 ቁጥር ጻፉባቸው። አምስት ክር በአንድ ዘንግ ላይ እሰሩና በእያንዳንዱ ክር ስድስት ስድስት ኪስ አንጠልጥሉ፤ በኪስና በኪስ መካከል ሁለት የወረቀት ዶቃ ይግባ።

በየኪሱ አንድ ብጣሽ ወረቀት ይገባል። በብጣሹ ላይ ልጁ በዚያ ቀን የሚሠራው አንድ መልካም ነገር ይጻፋል፦ ለጎረቤት ለኢፍጣር ተምር ማድረስ፣ ለአያት ስልክ መደወል፣ መስገጃዎችን አጥፎ ማስቀመጥ፣ ከአጭር ሱራዎች አንዱን መከለስ፣ ከኪስ ገንዘብ ሰደቃ መስጠት፣ የተጣሉትን ወንድም ወይም እኅት ይቅር ማለት። ብጣሾቹን ወላጆች ብቻቸውን አይጻፉአቸው። ልጆችም ለእናትና ለአባት የሚሆን ይጻፉ። «አባዬ ዛሬ ከተራዊሕ በኋላ ስልኩን አስቀምጦ ያጫውተን» የሚል ብጣሽ ከኪስ ቢወጣ አባት ምን ይላል? መፈጸም ነው እንጂ!

ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ሠላሳኛው ኪስ የሚከፈተው በሃያ ዘጠነኛው ማታ የሸዋል ጨረቃ ካልታየች ብቻ ነው። በዚያ ምሽት ልጆች ጨረቃዋን ለማወቅ ያላቸው ጉጉት እጥፍ ይሆናል። ኪሶቹን በካርቶን ሣጥን በጥንቃቄ ካስቀመጣችሁአቸው ለሚመጣው ረመዷን ብጣሾቹን ብቻ መለወጥ ነው።

ስለ ጨሌ የሚነሣ ጥያቄ

አንዳንድ እናቶች ዶቃ ሲባል ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ «ጨሌ ከቤቴ አይገባም!» ይላሉ። ሥጋታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። በአገራችን ጨሌ ከዛርና ከአቴቴ ልማድ ጋር ተያይዞ ሲከበር፣ ሲወረስና ሲፈራ ኖሯል። ለቡዳ ይበጃል ተብሎ በሕፃን አንገት ወይም በበር ጉበን ላይ የሚንጠለጠል ዶቃም ነበረ፤ ዛሬም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ነገሩን መለየት ያሻል። ዶቃ በራሱ መስታወት፣ ፕላስቲክ ወይም ወረቀት ነው። የሚጎዳም የሚጠቅምም ኃይል የለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ይጠብቀኛል ብሎ መንጠልጠልን ነው። ስለዚህ ለውበት ብቻ ተብሎ በመስኮት የተሰቀለ የዶቃ ክር እንደ ጌጥ ይታያል። ያው ዶቃ «ከዓይን ይጠብቀናል» ተብሎ ከተሰቀለ ግን መውረድ አለበት። ከአያት የወረደ፣ ለዛር ሲገበርበት የነበረ ጨሌ ካለ ለመጋረጃው አትቀላቅሉት፤ አንድ የሚያምኑት ዓሊም አማክሩበት። ይህን ለልጆች ለማስረዳት ዶቃ እየጠቀለሉ ከመቀመጥ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ልጁ በገዛ እጁ ከአሮጌ ካላንደር የሠራው ዶቃ ከምንም እንደማይጠብቀው ራሱ ያውቃል።

ለሕፃናት ጥንቃቄ

ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ባለበት ቤት ትንንሽ ዶቃ ትልቅ አደጋ ነው። ሕፃን ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል፤ ዶቃ ደግሞ ጉሮሮ ይዘጋል። ሥራው ሕፃኑ በተኛበት ሰዓት ይሠራ። ዶቃው በክዳን ዕቃ ይቀመጥ። ሥራው ሲያበቃ ምንጣፉ ይራገፍ። መርፌዎች ሲወጡ ተቆጥረው ይውጡ፤ ሲመለሱም ተቆጥረው ይመለሱ። የዶቃ መጋረጃም ሕፃን ከሚተኛበት አልጋ አጠገብ ወይም ሊደርስበት ከሚችለው ስፍራ አይሰቀል።

ከጌጥ አልፎ

በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በጦርነት ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ሴቶች ከአሮጌ ወረቀት ዶቃ እየጠቀለሉ በመሸጥ ቤተሰባቸውን ረድተዋል። የሠሩአቸው የአንገት ጌጦች ባሕር ማዶ ድረስ ተሸጠዋል። የእኛም ወጣቶች ሙያውን ከያዙት ከቤት ጌጥ አልፎ የኪስ ገንዘብ ሊያስገኝላቸው ይችላል። ለመሸጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይለካ፦ በአንድ ሰዓት ስንት ያልተጣመመ ዶቃ እንደሚጠቀልል። የክሩን፣ የኮላውንና የትንንሾቹን ዶቃዎች ዋጋ ይደምር፤ የድካሙንም ዋጋ ይጨምርበት። ይህን ሳያሰላ የሚሸጥ ሰው ሥራው ቢወደድለትም ይከስራል። የተሰነጠቀውን ወይም ያልደረቀውን ዶቃ ከጥሩው ጋር ቀላቅሎ መሸጥ ደግሞ ማጭበርበር መሆኑን መናገር አያሻም።

ውድ አንባብያን! ከዒድ በፊት ባሉት ምሽቶች ከተራዊሕ በኋላ ግማሽ ሰዓት ስጡ። አያት ወረቀት ያጥፉ፣ አባት ያስምር፣ እናት ሙጫ ትቀባ፣ ልጆች ይጠቅልሉ። በሥራው መሐል ወሬ ይነሣል፤ ወሬው ወደ ምክር፣ ምክሩም ወደ ሳቅ ይሄዳል። የተጣመመውን የታናሽየውን ዶቃ አውጥታችሁ አትጣሉት፤ በመጋረጃው መሐል፣ በሚታይበት ስፍራ ስቀሉት። ዒድ ሙባረክ ሊል የመጣ ዘመድ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ሲጠይቅ ያ ልጅ ቀድሞ እጁን ያወጣል።

አላህ ቤታችንን በኢማን፣ በሰላምና በመዋደድ ያስውብልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።